የአንለይ ጭጋጋም ካሴት

በዚያን ዘመን አሶሳ ውስጥ አንለይን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ በትናንቱ አውቶቡስ የገባ ነው፣ ወይ ከዘፈን ጋር የተጣላ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ከተማው እንደ ሙሽራ ቤት ቀለም ቀለም ይሸታል። ትናንት መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ «ቢሮ» የሚል ሰሌዳ ይሰቀልበታል። ትናንት ተራውን ጠብቆ ፀጉሩን ይስተካከል የነበረ ሰው ዛሬ «ኃላፊ» ሆኖ ይመጣና ተራ ሳይጠብቅ ይቀመጣል። ወንበሬ ግን ሹመት አይገባውም፤ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ኃላፊውንም ተራውንም ሰው እኩል ያንገጫግጫል።

የእኔን ፀጉር ቤትና የአንለይን ሙዚቃ ቤት የሚለያያቸው አንድ የቀርከሃ ግድግዳ ነበር። የቀርከሃ ግድግዳ ዓይን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ወይ በቀርከሃው ቀዳዳ የሰማሁት ነው፣ ወይ ደንበኞቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው የነገሩኝ ነው። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው አይዋሽም ብዬ አምናለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ጥፋቱ የምላጩ ነው።

አንለይ ወሎ ተወልዶ፣ በድርቁ ጊዜ ጢሙ ሳያቆጠቁጥ ከእናቱ ጋር በሰፈራ የመጣ ነው። ያኔ ሰፋሪዎቹ የገቡባቸው መንደሮች ስም አልነበራቸውም፤ «አምባ» ይባሉና ቁጥር ይሰጣቸዋል። በእነ አንለይ አምባ መሐል ግንድ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበረ። ጠዋት ለሥራ፣ ማታ ለስብሰባ ሲጮህባቸው ይውላል። ሰዉ ሁሉ ድምፅ ማጉያውን ሲራገም አንለይ ከሥሩ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ካድሬው ሲሰለቸው፣ «ይኼ ልጅ እዚሁ ከዋለ ባትሪውን ይሸከም» ብሎ ሾመው። ባትሪ በመሸከም ጀመረ፣ ሽቦ ወደ መቀጠል አለፈ። መንግሥት ሲለወጥ ድምፅ ማጉያው የት እንደገባ አልታወቀም። አንለይ ግን አሶሳ ገበያ ዳር ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ነው።

ሥራው ካሴት መቅዳት ነበር። ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣና የፈለገውን ዘፈን ያዝዛል፣ አንለይ ባለ ሁለት ካሴቱን ቴፕ ከአይሱዙ በወጣ ባትሪ አስነስቶ ይቀዳለታል። መብራት ያኔ የማታ እንግዳ ነበርና ቀን ቀን ባትሪው ባይኖር ኖሮ ሱቁ ዲዳ ይሆን ነበር። ባዶ ካሴት ከገበያ ሲጠፋ አሮጌ ይገዛል። ድጋሚ እንዳይቀዳበት ጥርሱ የተሰበረውን ካሴት፣ የጥርሱን ቀዳዳ በወረቀት ወትፎ፣ በላዩ አዲስ ዘፈን ይጭንበታል። አሶሳ ውስጥ በሠርግ ዘፈን ሥር የተቀበረውን ስብከትና ማርሽ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ያ ጣጠኛ ካሴትም የመጣው ለመቀበር ነበር። በስደተኞች ጣቢያ የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲገባ ዕቃውን ለዘበኛው ትቶ ሄደ። ዘበኛው ጫማውን ለእግሩ አስቀርቶ ካሴቱን ለአንለይ ሸጠው። ሽፋን የለው፣ ሥዕል የለው። በእርሳስ የተጻፈችበት የፈረንጅ ቃልም በላብ ተጠርጋ ጠፍታለች። አንለይ የባምባሲ ሙሽሮችን ዘፈን ሊቀዳበት ቀዳዳውን በወረቀት ወተፈና፣ ክሩ አለመበላቱን ለማየት ብቻ አጫወተው።

በቀርከሃው በኩል መጀመሪያ የሰማሁት የንብ መንጋ መሰለኝ። ቀጥሎ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ። ከዝናቡ ማዶ ደግሞ አንዲት ሴት ብርድ ልብስ ተከናንባ ለራሷ ታንጎራጉራለች። ከበሮው ሌላ ሰፈር ያለ ሠርግ ይመስላል። ጊታሩ በጊታር ላይ ተደራርቦ፣ አንዱ የት ጀምሮ ሌላው የት እንዳለቀ አይታወቅም። ድምፁም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጠጅ ቤት እንዳመሸ ሰው ዘመም ይልና ሳይወድቅ ይመለሳል።

«አንለይ!» አልኩት በግድግዳው። «ማሽንህ ነፍሱ እየወጣች ነው።»

«ሰማሁ» አለኝ።

ክሩን የምታነበውን ብረት በጥጥና በአልኮል ጠረገ። ክሩን የምትስበውን ጎማ ለወጠ። ትንሿን ብሎን ወዲህም ወዲያም አዞረ። ሌላ ካሴት ሲከት ዘፋኙ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ያንን ሲመልስ ንቡም ዝናቡም ይመለሳሉ። ሲታገል ውሎ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መፍቻውን አስቀመጠ። ካሴቱ ግን ይሄዳል።

«አልተበላሸም» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰዎቹ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሩት።»

«ሆን ብሎ የሚያበላሽማ ሞልቷል» አልኩት። «አስቀድቶ የሚሸጥ ግን አልሰማሁም።»

የባምባሲ ሙሽሮች በሌላ ካሴት ተዘፈነላቸው። አንለይ ማንም በላዩ እንዳይቀዳበት ወረቀቱን ከቀዳዳው ነቅሎ አወጣ፤ ለእሱ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ምላጭ ሊያስስል ወደ እኔ ሲመጣ እንኳ ወሬው እሱ ነው። «እየው ወንድሜ፣ ሌላው ዘፈን መጥቶ ፊትህ ቆሞ ይጮኻል። ስማኝ፣ አጨብጭብ፣ አልቅስ ይልሃል። ይኼ ግን አይጠራህም። በሩን ከፍቶ ይተውሃል፣ አንተ ነህ የምትገባበት። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነው። ስትደጋግመው ከሥር አንዲት ዜማ አለች። ማን እንደሚጫወታት አታውቅም። እኔ እንጃ፣ ማንም የሚጫወታትም አይመስለኝ፤ ድምፆቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ራሷ የምትወለድ ናት።» አንድ ጊዜ ደግሞ፣ «በበጋ ሣሩ ሲቃጠል ጭሱ ከተማውን ይሸፍነው የለ? ያኔ ፀሐይዋ ያለ ጨረር፣ ቀይ ሆና፣ በዓይንህ ልታያት ትችላለህ። የሴትዮዋ ድምፅ እንደሱ ነው» አለኝ። ይህቺን ስሰማ ለትንሽ ጊዜ ምላጩን መሳሉን ረሳሁት። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ይኮራብኛል።

ችግሩ አንለይ ደስታን ብቻውን የሚበላ ሰው አለመሆኑ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ የካሴቱን አንድ ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጭ ብሎ እንዲሰማለት ፈለገ። ሌላ ምንም አላማረውም። አሶሳ ደግሞ ሰዉ ደግ ነው፤ የታመመ ቴፕ እያየ እጁን አጣምሮ መቀመጥ አይችልም።

መጀመሪያ ሁንዴ መጣ። ሁንዴ ከወለጋ የመጣ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ጎረምሳ ነው። ድምፅ የሚያስተካክል ባለ ብዙ ቁልፍ ሣጥን ተሸክሞ ገባ።

«የሴትዮዋን ድምፅ ወደ ፊት እናምጣት፣ ጋሽ አንለይ። ሰው ከነነፍሱ እንዲህ አይቀበርም።»

«አትንካት። ቁጭ በልና ስማ።»

«አሁን፣ አሁን፣ አንድ ጊዜ ብቻ።» ቁልፎቹን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ። ሴትዮዋ ወይ ፍንክች። «ምን ብላ ነው የምትዘምረው?»

«አላውቅም።»

«እግዚአብሔርን ታመስግን ሰይጣንን ሳታውቅ ነው የምትሰማው?»

«ሁለቱንም አይመስለኝም፣ ሁንዴ። እንቅልፍ የመጣባት ነው የምትመስለው።»

ሁንዴ ሣጥኑን ታቅፎ ሄደ። ከእሱ በኋላ አንዱ መጥቶ ካሴቱን ፀሐይ ላይ አስጣው አለ። ሌላው ክሩን ገልብጠህ ጠቅልለው፣ ምናልባት ጀርባውን ነው የምትሰማው አለ። ጡረታ የወጣ አንድ የሬዲዮ ወታደር ደግሞ ጆሮውን አስጠግቶ ብዙ ካዳመጠ በኋላ፣ «ይኼ የታፈነ ጣቢያ ነው። ጠላት እያፈነው ነው። ሴትዮዋ መልእክት ልታስተላልፍ እየሞከረች ነው» ብሎ ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ። ከሁሉም ለረጅም ጊዜ የሰማለት እሱ ነበር፤ የሰማው ግን ዘፈን አልነበረም።

የመጨረሻ ተስፋው ሚስቱ ጤናዬ ነበረች። ጤናዬ እዚያው አምባ ያደገች፣ አፏ እንደ እኔ ምላጭ የሆነች ሴት ናት። ምሳውን ይዛ ስትገባ ሁልጊዜ፣ «ዛሬም ያቺ የውኃ ውስጥ ውሽማህ አለች?» ትላለች። አንድ ቀን አግዳሚው ላይ አስቀመጣትና፣ «ጤናዬ፣ በእናትሽ፣ አንድ ገጽ ብቻ። አትናገሪ» አላት። አልተናገረችም። አንለይ ከመደሰቱ የተነሳ መተንፈስ ፈራ። ገጹ ሊያልቅ ሲል ዘወር ቢል፣ ጤናዬ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ማንኮራፋቷ ወደ እኔ በቀርከሃው ይገባ ነበር፤ ከካሴቱ ጋር ደግሞ ጥሩ ሄዷል።

«ተኛሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«ከአምባ ከወጣን እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም» አለች ዓይኗን እያሸች። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?»

«ስሚ ነበር ያልኩሽ!»

«ሰምቼ ነው እኮ የተኛሁት፣ አንተ ሰውዬ! ጠልቼው ቢሆን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር?»

አንለይ ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። እኔ ግን ካሴቱ ካገኘው ምስጋና ሁሉ ትልቁ ይኼ ይመስለኛል።

ደንበኛ መመናመን የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። በበሩ ያለፈ ሁሉ ያንን ጭጋግ ይሰማና፣ «የአንለይ ማሽን ሞተች» ይላል። ወሬው የት እንደተጀመረ አይታወቅም፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው ብለው የሚያሙ አሉ። የቀዱትን እየመለሱ «ድጋሚ ቅዳልኝ፣ ይኼኛው ላይም ውኃ ገብቶበታል» የሚሉም መጡ፤ ካሴታቸው ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ። ጤናዬ፣ «ወይ እሷን ምረጥ ወይ እንጀራህን» አለችው። አንለይ ጥርሱን ነክሶ ድምፁን ቀነስ አደረገ፤ አላጠፋውም።

የበዓሉ ኮሚቴ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ክልሉ እንግዶች ጠርቶ በከተማው ሜዳ ትልቅ በዓል ሊያደርግ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደባልቄ ይባላሉ። ኮሌታቸውን እስከ ጉሮሯቸው የሚቆልፉ፣ ከመናገራቸው በፊት ግራና ቀኝ የሚያዩ ሰው ናቸው። የክልሉን ሕዝቦች ሙዚቃ የያዘ አንድ ካሴት ይፈለጋል፣ እንግዶቹ ሲገቡ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። በማይክ መቅዳት የሚችል ቴፕ ያለው ደግሞ አንለይ ብቻ ነው።

«ጥርት ያለ ነገር እንፈልጋለን» አሉት አቶ ደባልቄ። ግራና ቀኝ አዩ። «ማንም እንዳይቀየም።»

አንለይ «ጥርት» የምትለዋን የሰማት አይመስለኝም። እሱ የሰማው ሌላ ነው፦ ሜዳ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቆሞ የሚያዳምጥ የአሶሳ ሕዝብ በሙሉ። አንድ ሰው ለምኖ ላጣ ሰው ከተማውን ሙሉ ሰጡት።

ቡድኖቹ ለልምምድ ከየወረዳው ሲገቡ እየዞረ ቀዳቸው። ከቡለን የመጡትን፣ ከቶንጎ የመጡትን፣ ሁሉንም። ከአሶሳ አቅራቢያ የመጣው የበርታዎቹ የዙምባራ ቡድን መሪ ኻሚስ ይባላል። ኻሚስ ማንጎ ነጋዴ ነው፤ በአንድ ፍሬ ማንጎ ላይ ግማሽ ቀን መከራከር የሚችል ሽማግሌ። ዙምባራ ማለት የቅል ጥሩምባ ነው። ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል፣ ትንሹ ክንድ አይሞላም። እያንዳንዱ ሰው የሚነፋት ድምፅ አንዲት ብቻ ናት፤ ዜማው ለብቻው በማንም እጅ የለም፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ የራሱን ሲጥል ነው የሚወጣው። አንለይ ይህን ሲያይ አበደ። «ይኼ እኮ እሱ ነው!» እያለ ከጥሩምባ ጥሩምባ ሲሮጥ ኻሚስ፣ «ያ አንለይ፣ አትሩጥ፣ ልጆቼ ይስቃል» ብሎ ዓረብኛ በቀላቀለው አማርኛው ተቆጣው።

ሁሉም ለየብቻው፣ ጥርት ብሎ ተቀዳ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሰላም ነበር።

ለአዲሱ መሥሪያ ቤት በሚገነባው ግቢ ውስጥ ገና ውኃ ያልገባበት ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ነበረ። አንለይ ከእኔም ከሌላውም ጎረቤት ቴፕ ለምኖ ሰበሰበ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ ሁሉንም ገንዳው ውስጥ ደረደራቸው፣ በእያንዳንዱ የአንዱን ቡድን ካሴት ከተተ። ማይኩን ከገንዳው አፍ ላይ በገመድ አንጠልጥሎ፣ ኮሚቴው የሰጠው ባዶ ካሴት ከገባበት ከራሱ ቴፕ ጋር አገናኘው። ከዚያ ገብቶ አንድ በአንድ አስነሳቸውና በመሰላል ወጥቶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። እኔ የሄድኩት ቴፔን ልጠብቅ ነው።

ገንዳው መናገር ጀመረ። የዙምባራው እግር የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ከሥር ተነሳ። በላዩ የሴቶቹ ዘፈን መጣ፣ ግን ቃሉ ሟሙቷል፣ ትንፋሹ ብቻ ቀርቷል። ጭብጨባው እየተመለሰ እርስ በርሱ ይተላለፋል፤ ክራሩ ብቅ ይልና ይሰምጣል። ሁሉም ሲሚንቶውን እየዞረ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ፤ ስሙን የማላውቀው ነገር። ወደድኩት አልልም። ግንበኞቹ ግን ምሳቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ፣ እኔም ቴፔን ልጠብቅ መምጣቴን የረሳሁ መሰለኝ። አንለይ ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅስ ነበር። ሲሚንቶ ገብቶብኝ ነው አለኝ በኋላ።

ኮሚቴው ሊሰማ የመጣው አንለይ ሱቅ ነው፤ ማሽኑ ያለው እዚያ ነውና። የየቡድኑ ተወካዮችም፣ ኻሚስም ሳይቀር አብረው ስለመጡ ቦታ ጠበበና አግዳሚዬን ወሰዱብኝ። እኔ ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ጆሮዬን ቀርከሃው ላይ ተከልኩ።

ካሴቱ ጀመረ።  ከዚያ ከቡለን የመጡት ሰውዬ፣ «የእኛ የታለ?» አሉ።

«አለ፣ ጋሼ።»

«የት?»

«ውስጥ።»

«ከማን ሥር?»

«ከማንም ሥር አይደለም። ሁሉም አንድ ላይ ነው።»

ከቶንጎ የመጡት ቀጠሉ። «አሁን የሰማሁት የእኛ ነበረ። ወዲያው ዋጡት። ማነው የዋጠው?»

«ማንም አልዋጠውም። ተቀላቀለ እንጂ።»

«ሲቀላቀል የሚበዛው የማን ነው?»

አቶ ደባልቄ ግራና ቀኝ ሲያዩ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። «አንለይ፣ ወንድሜ፣ በአጭሩ ንገረኝ። ከፊት ያለው ማነው?»

«ከፊት ማንም የለም።»

«ከኋላስ?»

«ከኋላም ማንም የለም።»

«ፊትና ኋላ የሌለው ነገር እንዴት እንግዳ ፊት ይቀርባል? ሰልፍ እንኳ ፊት አለው እኮ! ተራ በተራ አድርገው። ለሁሉም እኩል ደቂቃ።»

አንለይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኩል ነው እኮ፣ አቶ ደባልቄ! ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለበት። ከዚህ የበለጠ እኩል ከየት ይምጣልዎት?»

 እኔም ከግድግዳው ማዶ «አገኛቸው» አልኩ። ግን አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሙሉውን ከሌላው ጋር ከምንካፈል፣ ትንሿን ለብቻችን ስጠን» አለ። ሁሉም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉ። እንደዚያ ቀን የተስማማ ኮሚቴ አላየሁም።

አንለይ ሲጨንቀው ወደ ኻሚስ ዞረ። «ኻሚስ፣ አንተ ንገራቸው። አንተ ታውቀዋለህ። ያንተ ዙምባራም እኮ ፊት የለውም!»

ኻሚስ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ እስከ መጨረሻ ሰማሁ። እነዚህ ሰው አልሰማም፤ የራሱን ፈለገ። እኔ ሰማሁ። ወላሂ፣ ቆንጆ ነው።»

«ይኸው!» አለ አንለይ።

«ቆይ። ቆንጆ ነው፣ ግን የኛ አይደለም። የኛ ላይ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይዟል። አንድ ሰው ቢተው እኔ ወዲያው አውቃለሁ። ዘወር ብዬ አየዋለሁ፣ እሱ ያፍራል፣ ይነፋል። እዚህ ውስጥ ሁለት ሰው ሞቶ ቢወድቅ ማን ያውቃል? ዘፈኑ ዝም ብሎ ይሄዳል። ኸላስ፣ አለቀ፣ ሰው ጠፋ።»

 

«ሰማህ?» አሉ አቶ ደባልቄ ተመቻችተው። «ሰው ጠፍቶበታል። ሰው የጠፋበት ካሴት አይቀርብም።»

ኮሚቴው የሰጠው ካሴት ያ አንድ ብቻ ነበር። እዚያው፣ ዓይናቸው እያየ፣ አንለይ ወደ መጀመሪያው መለሰው። ቀይዋንና የመጫወቻዋን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነና ከቡለኖቹ ጀምሮ ተራ በተራ፣ ጥርት አድርጎ፣ በገንዳው ድምፅ ላይ ቀዳበት። መቅረጹ እስኪያልቅ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ለዚህኛው ትዕግሥት ነበራቸው።

በበዓሉ ቀን ካሴቱ ሜዳው ላይ ተለቀቀ። የቡለን ሰዎች የራሳቸው ሲመጣ እልል አሉ፣ የሌላው ሲመጣ ሸንኮራ ሊገዙ ሄዱ። የቶንጎ ሰዎች ከሸንኮራው ተመልሰው በራሳቸው ዘፈን ጨፈሩ፣ ከዚያ ተራቸውን ወሬ ያዙ። እንግዶቹ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። አንለይ የድምፅ ማጉያው ግንድ ሥር ለብቻው ቆሟል።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጥርት ብሏል» አለኝ። እንዲህ ያለ ስድብ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የፈረንጁንም ካሴት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጤናዬ ደስ አላት፣ ደንበኛም መመለስ ጀመረ። አንለይ የሠርግ ዘፈን ይቀዳል፣ ሰው ሲያናግረው «እሺ» ይላል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ግድግዳዬ ማዶ ሰው ያለ አይመስልም። እኔ እንኳ የማማው አጣሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ኻሚስ ያልተሸጠ ማንጎውን በማዳበሪያ አንጠልጥሎ ገባ።

«ያ የፈረንጅ ካሴት የሚሉት የታለ?»

«ምን ያደርግልሃል?» አለ አንለይ። «ሰው የጠፋበት ነገር አትወድ።»

«ጠፍቶ እንደሆነ አላውቅም። እሱን ገና አልሰማሁም። አምጣው።»

መሳቢያው ተከፈተ። ኻሚስ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ቀርከሃው አቃሰተ። ንቡ መጣ፣ ዝናቡ መጣ፣ የተከናነበችው ሴትም መጣች። ኻሚስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ይሄ ሴትዮ ታሟል?» አለ። «አልታመመችም» አለ አንለይ። አንድ ዘፈን አለቀ። ሌላው ቀጠለ። የእንቅልፍ ድምፅ የለም፣ ምክር የለም። አንለይ እግሩን ሲያወዛውዝ መሬቱ ላይ ይሰማኛል።

«አቁም!» አለ ኻሚስ ድንገት። «መልስ። ትንሽ መልስ። እ... እዚህ ላይ። አንድ ሰው ተወ።»

«ማን ተወ?»

«ከኋላ ያለው ቀጭኑ። ሲነፋ፣ ሲነፋ መጣ። እዚህ ላይ ተወ። ሌላው ሸፈነለት።»

«ጊታር ነው እንጂ አይነፋም።»

«ይንፋ፣ ይምታ፣ ተወ!»

አንለይ መለሰው። አጫወተው። እንደገና መለሰው። መጨረሻ ላይ፣ በጣም በቀዘቀዘ ድምፅ፣ «ይኼን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም» አለ።

«ታዲያ ምን ስትሰማ ነው የከረምከው?» አለ ኻሚስ፤ አፉ ውስጥ ማንጎ ነበረ።

እስከ ገጹ መጨረሻ ሰሙት። ሽማግሌው በየዘፈኑ ሰው ሲቆጥር፣ ይኼ ደክሞታል፣ ያኛው ዘግይቶ ገባ፣ መሪያቸው ሰነፍ ነው ሲል ዋለ። አንለይ «የለም፣ ሆን ብለው ነው!» እያለ ይጮኻል፣ ኻሚስ «ሆን ብሎ ማን ይዘገያል!» ይላል። ፀጉሩን የማስተካክለው ሰውዬ ግድግዳው ማዶ ጠብ መስሎት ሊገላግል ተነሳ።

ኻሚስ እንደወጣ አንለይ በሬን በርግዶ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል። «አበላሸብኝ!» አለኝ። «ሰማህ? አበላሸብኝ! ጭጋግ ነበር፣ ሰው አልነበረበትም፤ አሁን እዚያ ቦታ ስደርስ ያንን የተወውን ሰውዬ ብቻ ነው የምሰማው! ለምን እንደተወ አስባለሁ! ታሞ ይሆን? ተጣልተው ይሆን? ምን አገባኝ እኔ!»

«ሁለተኛ አትምጣ በለዋ» አልኩት።

እንደ ሞኝ አየኝ። «እንዴት አድርጌ? እስከ መጨረሻ የሚሰማ እሱ ብቻ አይደለም እንዴ!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አግዳሚውን ወልውሎ፣ ካሴቱን በሁለተኛው ገጽ አዘጋጅቶ ተቀመጠ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድም ሰው እንዳልተወ ሊያሳየው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠናው ነበር የከረመው። ኻሚስ ዘገየ። አንለይ በሩ ላይ ወጥቶ ወደ ገበያው መንገድ እያየ፣ መንጎራደድ ጀመረ።

«ይኼ ሽማግሌ» ይላል፣ «ይኼ ክፉ ሽማግሌ፣ ዛሬ ደግሞ የት ቀረ?»